የእማማ ክዳን ጠርሙሶች

«ሂጂና ፈርመሽ ነይ» አላት አለቃዋ በስልክ። «አበባ እርሻው ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ሞቷል። የተበላሸ ምግብ ነው የገደለው። ሐኪሙ ጽፏል፤ አሥራ አንድ ዓመት ያበሰለችላቸው ምግብ አብሳይም ተይዛለች። ሳይመሽ የሚያልቅ ሥራ ነው።»

«ሰውየው መቼ ነው የሞተው?»

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ሬሳው ገና ሳይቀዘቅዝ ምክንያቱ ታውቋል፣ ወረቀቱ ተጽፏል፣ ጥፋተኛዋ ታስራለች። በሃያ አንድ ዓመት የፖሊስ ሥራ ዘመኗ የተሰረቀ በግ እንኳን በዚህ ፍጥነት ሲገኝ አላየችም። ቆሽቷ እያረረ መኪናው ውስጥ ገባች።

የእርሻው በር ላይ አበባ የሚቆርጡት ሴቶች የጥበቃ ቤቷን ከበው ይጮኻሉ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ነጠላዋን እስከ አገጯ የተከናነበች አሮጊት ትታያለች። ደጃፉ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስና የፈሰሰ ፎሶሊያ ተበትኗል።

«ማን ነው የወረወረው?» አለች መርማሪዋ ከመኪናው ሳትወርድ።

አንዷ እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።

«አሥራ አንድ ዓመት ያበላቻችሁን ሴትዮ በጠርሙስ መውገር ደግ ነው። ጎበዞች! በሉ አሁን ወደየሥራችሁ፤ አንድ ጠርሙስ ደግሞ ሲሰበር ብሰማ የወረወረችዋን አብሬ አስራታለሁ።»

ሴቶቹ እያጉረመረሙ ተበተኑ። እሷ ወደ ክሊኒኩ አለፈች።

ክሊኒኩ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መታጠቢያ ገንዳ። ሟቹ አንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። በእርሻው ሁሉ ሰው «ባንዲራው» እያለ ነበር የሚጠራው። አበባው የሚበቅልበት ግሪን ሃውስ ኬሚካል ሲረጭ በሩ ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ የኬሚካሉ ጊዜ እስኪያልፍ ሰው አይገባም። ባንዲራውን የሚሰቅለውም የሚያወርደውም እሱ ነበር፤ አምላክ ቢለምነው ከሰዓቱ በፊት አያወርድም ይሉታል።

ነርሷ ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው። አፍንጫዋን በሶፍት እየጠረገች ተነሣች።

«ጉንፋን ነው?» አለቻት መርማሪዋ።

«ከቀትር በኋላ ያዘኝ መሰለኝ። ራሴንም ያመኛል። መብራቱም ዛሬ ደክሟል መሰለኝ፣ ሁሉ ነገር ይጨልምብኛል።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። ቦግ ብሎ ይበራል።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ኧረ ሰውየው ውሃ ሆኖ ነበር! ላቡ፣ እንባው፣ ለሃጩ... አንሶላ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። አስመለሰው፣ ሱሪውም ላይ ወረደው። ልብሱን አውልቄ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ አጠብኩት። ከዚያ ተሻለው። አምስት ሰዓት ላይ ተቀምጦ ከወንድሙ ጋር አወራ። ደስ ብሎኝ ነበር። ብርድ ብርድ ሲለው ኮፍያውን አደረግሁለት፣ ብርድ ልብስ ደራረብኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን እንደገና ተነሣበት። ከዚያ ወዲያ አልሆነም» አለች ነርሷ።

«ሐኪሙ መቼ መጣ?»

«አልመጡም። በስልክ ነው። የሰብል ባለሙያው ናቸው ያናገሯቸው፤ እኔን ‹አንቺ ከበሽተኛው አትለዪ› አሉኝ።»

«ምሳሽን እዚህ ካፌ ነው የምትበዪው?»

«ከቤቴ ነው የማመጣው። ለምን?»

«እንዲያው ነው» አለች መርማሪዋ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠበቋት። አንዱ ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሰፊ ሰው፣ ሰፊ ጠረጴዛ። ሌላው የሰብል ባለሙያው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የጸዳ፣ አንደበቱ የተቆጠበ። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ያበጠ የፎሶሊያ ጠርሙስ ቆሟል።

«ይኸው ገዳዩ» አለ ሥራ አስኪያጁ ጣቱን ጠርሙሱ ላይ ቀስሮ። «ሴትዮዋ አትክልት ሲረክስ እያሸገች ታስቀምጣለች። ስንት ጊዜ ተይ ብያታለሁ! በሩ ላይ ቆሜ ሳየው እኮ ላቡ እንደ ዝናብ ነበር የሚወርደው፤ ምስኪን። የእርሻው ስም እንዳይነሣ ነገሩ ዛሬውኑ ቢዘጋ ጥሩ ነው።»

«ቶክሲን ነው» አለ ባለሙያው በለሰለሰ ድምፅ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ብዙ ሰው መርዝና ቶክሲንን አንድ ያደርጋቸዋል። መርዝ ሰፊ ነው፤ ፋብሪካ የሚሠራውም፣ ከማዕድን የሚወጣውም፣ የሚጎዳ ነገር ሁሉ መርዝ ነው። ቶክሲን ግን ሕይወት ያለው ነገር የሚያመነጨው ነው። እባብ፣ እንጉዳይ፣ ባክቴሪያ። በደንብ ባልታሸገ ጠርሙስ ውስጥ አየር የማይወድ ባክቴሪያ ይራባና በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የከፋውን ያመነጫል። ክፋት አይደለም፣ አለማወቅ ነው። ለእሷም አዝናለሁ።» አንድ ገጽ ወረቀት ገፋላት። «ያየሁትን ጽፌዋለሁ።»

መርማሪዋ ቆማ አነበበች። ጽሑፉ ያምራል። አፉ ደርቆ ነበር፤ የዐይኑ ብሌን ሰፍቶ ነበር፤ የዐይኑ ቆብ ወርዶ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየው ነበር ይላል። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ስድስት ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠርታለች፤ ይህን ዝርዝር የሆነ መጽሐፍ ላይ አንብባዋለች። ቅደም ተከተሉ እንኳን አልተዛባም።

«ይህን ሁሉ በዐይንዎ አዩ?»

«በዐይኔ። ሲወድቅ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ይህ ጠርሙስስ የት ተገኘ?»

«ጓዳዋ ውስጥ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪዋ ጠርሙሱን አንሥታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ክዳኑ ላይ ያለው ሰም አልተነካም።

«ይህ እንደታሸገ ነው» አለች። «ሟቹ በክዳኑ ውስጥ አልፎ ነው የበላው?»

«ከዚህ ጋር የታሸገ ሌላ ይኖራላ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ቱግ ብሎ።

«ይኖራል ብለው ነው ሴትዮዋን ያሳሰሯት? ጥሩ ነው። እኔም ይኖራል እያልኩ አንድ ሰው ላስር እችላለሁ፤ ደግነቱ ልማዴ አይደለም።»

ከቢሮው ስትወጣ የኬሚካል ዕቃ ቤቱ ጠባቂ ደረጃው ሥር ቆሞ አገኘችው። ሦስት ቁልፍ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው።

«ቁልፉ በማን እጅ ነው፣ አባባ?»

«በእኔና በባለሙያው። እኔ ዛሬ ማለዳ አልከፈትኩም። ገብቼ ልየው፣ ልሰናበተው ብል ባለሙያው ‹ተላላፊ ሊሆን ይችላል› ብለው ረጪዎቹንም እኔንም ከክሊኒኩ ደጃፍ መለሱን። ሃያ ዓመት አብረን የሠራን ሰዎች ነን እኮ! ደጅ ላይ ቆመን ቀረን።»

ወደ ጥበቃ ቤቷ ስትገባ አብሳይዋ ከተቀመጠችበት ለመነሣት ሞከረች። ሁሉም «እማማ ክዳን» ነው የሚላት፤ ድስት ከፍቶ የሚያይ ሰው ካለ በክዳን እጁን ትመታለች።

«ይቀመጡ፣ እማማ። ትናንት ያበሉትን ይንገሩኝ።»

«ፎሶሊያ ነዋ። ከጠርሙስ አውጥቼ፣ አንድ ሙሉ ሰዓት አፍልቼ። ሃያ ሁለት ሰው ነው የበላው። ጠርሙስ ነገር እኮ ሳይፈላ አይበላም፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው። ያበጠ ክዳን ካየሁ አልከፍተውም፤ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ። አንዱን ለይቼ ነገ ልቀብረው አስቀምጬ ነበር፣ ወሰዱት።» ከዚያ የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ አንዱን ሳላየው ቀርቼ ይሆን? ዐይኔ እኮ እንደ ድሮው አይደለም። እውነቱን ንገሪኝ። ገድዬዋለሁ አይደል? ያ የተማረው ሰው ‹የገደልሽው አንቺ ነሽ› ብሎኛል።»

አሮጊቷን ከእስር በላይ የሚገድላት ይህ እንደሆነ ለመርማሪዋ ገባት፤ ራሷ አምናዋለች። ዛሬ ባትታሰርም ዕድሜ ልኳን በዚህ ነገር ራሷን ስትቀጣ ትኖራለች።

«ገና ነው፣ እማማ። እስክነግርዎ ድረስ ማንንም አይመኑ። ባንዲራው ጠላት ነበረው?»

«ለነገ ቀጠሮ ነበረው እኮ። ከሠራተኛ ቢሮ ሰዎች ይመጣሉ። ባለፈው ወር ያቺ ቀጮ፣ ጽጌረዳ የምትቆርጠዋ፣ ባንዲራው ወርዷል ተብላ ገባችና ታመመች፤ ሆዷ ውስጥ ያለውም ወጣባት። ስድስተኛ ወሯ ነበር። ባንዲራውን ያወረደው ሌላ ሰው ነው። ‹ነገ ፊት ለፊት እናገራለሁ› ብሎኝ ነበር። ማን እንደሆነ ለእኔ አልነገረኝም፤ ለወንድሙ ግን አይደብቀውም።»

ወንድምየው የእርሻው ሾፌር ነው። ከመኪናዎቹ መጠለያ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የወንድሙን የሱፍ ኮፍያ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። እንባው ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል።

«አንተ ወንድሙ ነህ?»

«ነኝ። አምስት ሰዓት ላይ ድኗል ብዬ ነበር...» አለ። ምራቁን ተፋ፣ እንደገና ተፋ። «ይቅርታ፣ አፌ ዝም ብሎ ይሞላብኛል። ነርሷ ናት የሰጠችኝ ይህችን፤ የሱ ሌላ ምን አለኝ? ባለሙያውም ለቤተሰብ እኔ ላድርስ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፣ አልሰጥም አልኩ።»

ይህን እያለ ኮፍያውን ራሱ ላይ ሊያጠልቅ ከፍ አደረገው። መርማሪዋ ያን ጊዜ ዐይኑን አየችው። ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብሌኑ መስፋት ነበረበት። የእሱ ግን የመርፌ ጫፍ ያህላል።

«ጣለው!» ብላ ጮኸች። እጁን በቡጢ መታችው። ኮፍያው መሬት ወደቀ።

«ምን ሆነሽ ነው? የወንድሜን...»

«ሸሚዝህን አውልቅ! ውሃ! ውሃ አምጡ!» የመኪና ማጠቢያውን የውሃ ቱቦ ራሷ ጎትታ ከፈተችበት። ሰውየው እያለቀሰ፣ እየተሳደበ፣ ውሃ ሥር ቆመ። ኮፍያውን በእንጨት አንሥታ ማሰሮ ውስጥ ከተተችውና አፉን አሰረች። ወንድምየውንና ነርሷን በአንድ መኪና ጭና ወደ ከተማው ሆስፒታል ላከች፤ ለሐኪሙ ምን እንደነካቸው በወረቀት ጻፈችለት። ነርሷ ከመሄዷ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት።

«ኮፍያው ከየት መጣልሽ?»

«ባለሙያው ናቸው ያመጡት። ሲወድቅ እዚያ ጥሎት ነበር። በፌስታል ይዘውት መጥተው ‹ብርድ እንዳይመታው አድርጊለት› አሉኝ። ከፌስታሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

በሦስተኛው ቀን፣ የላቦራቶሪው ወረቀት እንደደረሳት፣ ሁሉንም ካፌው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ባለሙያው እግሩን አነባብሮ ከጎኑ ሆነ። ዕቃ ቤት ጠባቂው፣ ነርሷ፣ ከሕመሙ ገና ያላገገመው ወንድም፣ ቀጮ የሚሏት ልጅ፣ አበባ ቆራጮቹ ግድግዳውን ተደግፈው። እማማ ክዳን በሁለት ፖሊስ መሐል ገባች፤ ሴቶቹ ዐይናቸውን ሰበሩ።

«ሰው ሞቷል፤ እኔም ተናድጃለሁ» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። እማማ ክዳንን የከሰሳት አንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ግን አልተከፈተም። ሌላ የተበላሸ ጠርሙስ ነበር እንበል። ከዚያ ድስት ሃያ ሁለት ሰው በልቷል፤ አንድ ሰው ነው የሞተው። ድስቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ፈልቷል። ባለሙያው ስለ ቶክሲን ብዙ ነገር አስተማሩኝ፤ አንድ ነገር ግን ዘለሉ። ያ የጠርሙስ ቶክሲን እሳት አይችልም፤ በደንብ ሲፈላ ኃይሉ ይጠፋል። እማማ ይህን ከእናታቸው ያውቁታል፤ ባለሙያው ከዩኒቨርሲቲ ረስተውት መጡ።»

ከግድግዳው በኩል አንድ ሁለት ሳቅ ተሰማ። ባለሙያው አልሳቀም።

«ይህ ብቻ አይደለም። የጠርሙሱ ቶክሲን ሰውን ያደርቃል። አፍ ይደርቃል፣ ብሌን ይሰፋል፣ የዐይን ቆብ ይወርዳል። ባንዲራው ግን እንዴት ሞተ? ነርሷ፣ ንገሪያቸው።»

«ውሃ ሆኖ» አለች ነርሷ።

«ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ‹ላቡ እንደ ዝናብ› ብለውኛል። አባባ፣ እርስዎ ዕቃ ቤት ነው የሚሠሩት። ላብ፣ እንባ፣ ለሃጭ፣ የመርፌ ጫፍ ያህል ብሌን ያለው ሰው ቢያዩ ምን ይላሉ?»

ሽማግሌው ከመቀመጫው ተነሣ። «ኬሚካል ነክቶታል ነዋ! ልብሱን አውልቁ፣ እጠቡት ነው የምለው! ይህን እኮ የትኛውም ረጪ ያውቀዋል! ባየው ኖሮ...» አለና ወደ ባለሙያው ዞረ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። «ለዚህ ነው ያላስገባኸን?»

«ለዚህ ነው» አለች መርማሪዋ። «ነርሷ አዲስ ናት፣ እርሻ አታውቅም፤ እሷን ብቻ አስቀሩ። ሳታውቀው ግን ሲያስመልሰው አጠበችው፣ እሱም ተሻለው። የተበላ ነገር ቢሆን ጸጉር በመታጠብ አይሻልም። መርዙ ጠዋት ካጠለቀው ኮፍያ የመጣ ነው፤ ቆዳው ላይ ነበር። ተቀምጦ ማውራት ሲጀምር ኮፍያው መጣ፤ ኮፍያው ራሱ ላይ ሲመለስ ሞትም ተመለሰ። ኮፍያውን ያወጣችው ነርስ ታመመች፤ ኮፍያውን ያቀፈው ወንድም ሊሞት ነበር። ሁለቱም ያን ፎሶሊያ አልቀመሱም፤ ነርሷ ከቤቷ ነው የምትበላው፣ እሱም ፎሶሊያው በተበላበት ማክሰኞ አበባ ጭኖ መንገድ ላይ ነበር። የላቦራቶሪው ወረቀት ይኸው፤ የኮፍያው ውስጥ ያልተበረዘ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ተቀብቷል። ባክቴሪያ አልሠራውም፤ ፋብሪካ ነው የሠራው። ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ነው።»

«ቁልፍ መያዝ ወንጀል ሆነ?» አለ ባለሙያው። ድምፁ እንደለሰለሰ ነው። «ኮፍያውንም ለደግነት ነው ያመጣሁት።»

«በፌስታል?»

«ወድቆ ቆሽሾ ነበር።»

«ይሁን። ይህስ?» አለች መርማሪዋ፤ የእሱን ወረቀት ከፍ አድርጋ። «በዚህ እርሻ ላይ ስለ ባንዲራው ሕመም ሰባት ሰው ጠይቄአለሁ። ስድስቱ ረጥቦ ነበር አሉኝ። አንዱ ደርቆ ነበር ብሎ ጻፈ። የታመመውን ሰው ሳይሆን መጽሐፉን ገለበጠው።»

«ደንግጬ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል።»

መርማሪዋ ወደ በሩ ሄዳ ከረጪዎቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ያስነቀለችውን ትልቅ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። በቀይ እስክሪብቶ በትላልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ላብ፣ እንባ፣ ለሃጭ፣ የጠበበ ብሌን ካየህ ሰውየውን ቶሎ እጠብ። ከሥሩ የባለሙያው ፊርማ አለ።

«በየወሩ ይህን ለረጪዎቹ የምታስተምረው አንተ ነህ» አለች። ‹እርስዎ› ማለቷን ትታለች። «ሌላው ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ አንተ አትሳሳትም። ያየኸውን ብትጽፍ ኖሮ ይህ ሽማግሌ አንብቦት እንኳን ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ያላየኸውን የጻፍከው።»

«ምክንያቴ ምንድን ነው? ሰውየው ጓደኛዬ ነበር።»

«ባንዲራውን ያወረድከው አንተ ነሃ!» ብሎ ወንድምየው ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «አምስት ሰዓት ላይ ነግሮኛል! ‹አበባው ለገበያ እንዲደርስለት ልጅቷን እንድትገባ አደረጋት፣ ነገ እናገራለሁ› ብሎኛል! አንተም በሩ ላይ ቆመህ ስትሰማ ነበር! ሲድን አየኸውና ሄደህ ኮፍያውን አመጣህ!» ሁለት ፖሊሶች ያዙት። ቀጮ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ባለሙያውን ታየዋለች።

ባለሙያው ሥራ አስኪያጁን አየው። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ።

«ለአንድ ባንዲራ ሥራዬን፣ ስሜን፣ ሁሉን ሊያሳጣኝ ነበር!» አለ ባለሙያው፤ ልስላሴው ድንገት ጠፍቶ። «አንድ ቀን ነው የተቀነሰው! አንድ ቀን! ልጅቷም ብትሆን እርጉዝ መሆኗን አልነገረችንም!»

ሴቶቹ ከግድግዳው ተላቀው ወደፊት ገፉ። መርማሪዋ በመሐል ገብታ እጆቹን አሰረች፤ ካቴናው ላይ ከሚገባው በላይ ጨከን አለች፤ አልተጸጸተችም።

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ጠረገ። «እንግዲህ... እውነቱ ታወቀ። እኔ ምንም አላውቅም ነበር። እማማም ወደ ወጥ ቤታቸው መመለስ ይችላሉ።»

«እርስዎ አልገደሉም» አለች መርማሪዋ። «ሁለት ሰዓት ግን አልጠበቁም። ሰው በኬሚካል መሐል እየሠራ ሲሞት መጀመሪያ የጠረጠሩት የአሮጊት ጠርሙስ ነው፤ እሷን መወንጀል ይቀላላ! የሠራተኛ ቢሮ ሰዎች ቀጠሯቸውን ወደ ሰኞ አዛውረውታል። ያለጊዜው የወረደው ባንዲራ ጉዳይ እርስዎንም ያስጠይቃል። ዐይንዎን በጨው አጥበው ወጥ ቤት ትመለስ ማለቱን ያን ጊዜ ይሞክሩት።»

ከዚያ ወደ እማማ ክዳን ሄዳ ፊቷ በርከክ አለች።

«እማማ፣ ያኔ ‹ገና ነው› ብዬዎት ነበር። አሁን ልንገርዎት። እርስዎ አልገደሉትም። አንድም ጠርሙስ አልተሳሳቱም።»

አሮጊቷ ፊቷን አየቻት። ከግድግዳው ጋር የቆሙትን ሴቶች፣ ወንድምየውን፣ ነርሷን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አየች፤ የሚከለክላት ሰው እንዳለ የምትጠይቅ ትመስላለች።

«እንግዲያው» አለች፣ «አሁን ላለቅስለት እችላለሁ?»

«ያልቅሱ፣ እማማ» አለች መርማሪዋ።